በዳካታ ሸለቆ ተመላልሶ የመሳል መመሪያ

ከሐረር ወደ ጅግጅጋ የሚወስደው አስፋልት ባቢሌ ከተማን አልፎ ጥቂት ኪሎ ሜትሮችን እንደ ሄደ፣ በግራና በቀኝ አንዱ በሌላው ላይ የተቆለሉ፣ አንዳንዶቹም በጣት ቢነኩ የሚንከባለሉ የሚመስሉ ግዙፍ የግራናይት ድንጋዮች ብቅ ይላሉ። ይህ የዳካታ ሸለቆ ነው። መንገደኛው መኪናውን አቁሞ ፎቶግራፍ ያነሣና ይሄዳል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ግን በሐረር፣ በባቢሌ ወይም በድሬዳዋ ለሚኖርና ወደዚያው ሸለቆ በየሁለት ሳምንቱ ወይም በየወሩ ለመመላለስ ለሚችል፣ ከምልልሱም ሥዕል ለማውጣት ለሚፈልግ ሰው ነው። እንዲህ ላለው ሰው ትልቁ ሀብት በአንዱ ጉብኝትና በሌላው መካከል የሚታየው ልዩነት ስለ ሆነ፣ ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ ያ ልዩነት በወረቀት ላይ እንዲያዝ ለማድረግ የታሰበ ነው።

በአካባቢው ስለ ተፈጥሮ ሥዕል ሲነሣ ብዙዎች በቅድሚያ የሚያስቡት የባቢሌ ዝሆኖች መጠለያን ነው። በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመው ይህ መጠለያ ወደ 7000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያለው ሲሆን፣ ዝሆኖቹ በኤረርና በጎበሌ ሸለቆዎች ውስጥ እንደ ወቅቱ ይዘዋወራሉ፤ ጥቁር ጋማ ያላቸው አንበሶችም ይኖሩበታል። ሆኖም ወደ መጠለያው ያለ ፈቃድና ያለ ጠባቂ መግባት አይገባም፤ ከገቡም በኋላ ሰዓታትን በእግር ተጉዞ የዝሆን ኮቴ፣ ፋንድያና የተሰበረ ቅርንጫፍ ብቻ አይቶ መመለስ የተለመደ ነው። ስለዚህ መጠለያውን በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ለሚደረግ ረጅም ጉዞ አቆይቶ፣ የዘወትሩን ሥራ በዳካታ ላይ መመሥረት ይሻላል። ድንጋይ ቀጠሮ አያፈርስም።

ከሐረር መናኸሪያ ባቢሌ ድረስ ያለው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኑ በጠዋቱ ሚኒባስ የተነሣ ሰው ጥሩው ብርሃን ሳያልፍ ይደርሳል። ከባቢሌ ወደ ሸለቆው በባጃጅ ወይም ወደ ጅግጅጋ በሚያልፍ መኪና መቀጠል ይቻላል፤ የሚመልስዎትን መኪና ግን ከመቀመጥዎ በፊት አስቀድመው ያስቡበት። መንገዱ በሁለት ክልሎች መካከል የሚያልፍ ስለ ሆነ ከመነሣትዎ በፊት የጸጥታውን ሁኔታ ከሹፌሮችና ከባቢሌ ሰዎች መጠየቅ ልማድ ይሁንልዎት። ብቻዎን ከመሄድ ይልቅ አካባቢውን የሚያውቅ ወጣት ይዘው ይሂዱ፤ የቀኑንም አበል በግልጽ ተስማምተው ይክፈሉት። ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት ወደ መንገዱ መመለስ ተገቢ ነው፤ ጅቡ ሲመሽ የሚወጣው በሐረር በሮች አካባቢ ብቻ አይደለም።

አንድ ነገር በተለይ መታሰብ አለበት። ወረቀት ይዞ፣ አንድ ቦታ ላይ አፍጥጦ፣ እርሳሱን በክንዱ ልክ ዘርግቶ የሚለካ ሰው በሩቅ ለሚያየው እረኛ ሠዓሊ ሳይሆን መሬት ለኪ ይመስላል፤ መሬት ለኪ ደግሞ በየትም አገር በፈገግታ አይጠበቅም። ስለዚህ ገና ሳይቀመጡ በኦሮምኛም ሆነ በሶማልኛ ሰላምታ ይስጡ፣ ደብተሩን ገልጠው ያሳዩ፣ ሽማግሌ ካለ ከእርሱ ይጀምሩ። ሰውንም ሆነ የሰውን ግመል ከመሳልዎ በፊት ያስፈቅዱ። ከሁለት ሦስት ጉብኝት በኋላ እረኞቹ ራሳቸው የትኛው ድንጋይ ሥር ሽኮኮ እንደሚወጣ፣ የትኛው ሰንጥቅ ውስጥ እባብ እንደሚኖር ይነግሩዎታል፤ ይህም ከየትኛውም መጽሐፍ የማይገኝ እውቀት ነው።

የመቀመጫ ቦታ ምርጫ

በመጀመሪያው ጉብኝት ምንም ባይስሉ ይመረጣል። ሸለቆውን በዝግታ ይዙሩና ከሦስት ወገን ሊታይ የሚችል አንድ የድንጋይ ክምር፣ አጠገቡም አንድ ሕይወት ያለው ነገር፣ ለምሳሌ ግራር፣ ቁልቋል ወይም እሬት ያለበትን ስፍራ ይፈልጉ። ድንጋዩ የማይለወጠው መለኪያ ይሆናል፤ ተክሉ ደግሞ ወቅቱን ይናገራል። ከመንገዱ ርቆ የራሱ ጥላ ያለውን መቀመጫ ይምረጡ፤ ፀሐይ በቀጥታ ያረፈበት ነጭ ወረቀት ዓይንን ስለሚያጭበረብር፣ በፀሐይ የተሣለ ጥላ ቤት ሲደርስ ሁልጊዜ ከታሰበው በላይ ጠቁሮ ወይም ነጥቶ ይገኛል። መቀመጫውን ከመረጡ በኋላ በዙሪያው ካሉት ነገሮች ጋር አድርገው ትንሽ ካርታ ይንደፉ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሁለት ክንድ እንኳ ቢዛነፉ የድንጋዮቹ አቀማመጥ እርስ በርሱ ይለዋወጣልና።

አብዛኛው ጀማሪ እጅግ ታዋቂውን፣ በጠባብ አንገት ላይ የቆመውን ድንጋይ ለመምረጥ ይቸኩላል። እኔ አልመክርም። እንደዚያ ያለው ድንጋይ ከብዙ ፎቶግራፍ የተነሣ ዓይናችን አስቀድሞ የሚያውቀው በመሆኑ፣ እጅ ያየውን ትቶ የሚያስታውሰውን ይስላል።

ዕቃ

የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። ጠንካራ ሽፋን ያለው ያልተሰመረ ደብተር፣ ኤችቢ (መካከለኛ)፣ 2ቢ (ለስለስ ያለ) እና 6ቢ (እጅግ ለስላሳና ጥቁር) እርሳሶች፣ ቢላዋ፣ ላጲስ፣ የወረቀት መያዣ ቆንጥጦች፣ ሰፊ ጠርዝ ያለው ባርኔጣና ከሚያስቡት በላይ ውኃ ይያዙ። በቀለም ለመሥራት የሚፈልግ ሰው በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን የውኃ ቀለም ወረቀት ቢያገኝ መልካም ነው፤ ከዚያ የቀጠነው ወረቀት ሲርስ ይሸበሸባል፣ ስለዚህ በአራቱም ጎን በወረቀት ፕላስተር ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ማጣበቅ ይጠይቃል። በየገጹ ጥግ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ሰማዩ የጠራ ወይም ዳመናማ መሆኑንና ፊትዎ ወደ የት እንደ ነበረ ይጻፉ። ይህን ያልጻፈ ሰው ከዓመት በኋላ ብዙ ሥዕል ይኖረዋል፤ የሚያነጻጽረው ግን አይኖረውም።

ድንጋዩን መሳል

የዳካታ ድንጋዮች ዛሬ የሚታየውን ቅርጽ ያገኙት ግራናይቱ በተፈጥሮው ባሉት ስንጥቆች በኩል ውኃና የሙቀት መለዋወጥ ለእጅግ ረጅም ዘመን እየገቡ ማዕዘኖቹን ስለ በሉት፣ የላላውንም አፈር ጎርፍ ጠርጎ ስለ ወሰደው ነው። ይህን ማወቅ ለእጅ ይጠቅማል። ድንጋዮቹ ከሌላ ቦታ መጥተው የተደራረቡ ሳይሆኑ በቆሙበት የተከፋፈሉ በመሆናቸው፣ የላይኛው ድንጋይ የታች ጠርዝና የታችኛው ድንጋይ የላይ ጠርዝ ብዙ ጊዜ አንድ መሥመር ይከተላሉ። ስለዚህ እያንዳንዱን ድንጋይ ለብቻው እንደ ድንች አክብቦ ከመሳል ይልቅ፣ መጀመሪያ ክምሩን እንደ አንድ ትልቅ አካል ወስደው የውጭ ቅርጹን በቀጭን መሥመር ይያዙ፤ ከዚያም ስንጥቆቹን እንደ መቁረጫ መሥመር ያስገቡ። ክብደት የሚሰማው ያኔ ነው።

ቀጥሎ ሁለቱ ድንጋዮች የሚነካኩበትን ስፍራ ብቻ ረዘም ላለ ጊዜ ይመልከቱ። የሚያስደንቀን ሚዛን ሁሉ ያለው በዚያች ጠባብ ስፍራ ነው፤ በሥዕል ውስጥም እጅግ ጥቁሩ ጥላ መኖር ያለበት እዚያ ነው። 6ቢ እርሳሱን ለዚህ ብቻ ያስቀምጡት። ጀማሪ የሚሠራው የተለመደ ስሕተት የድንጋዩን ጎን በሙሉ አጥቁሮ የመነካኪያውን ስፍራ ግን ግራጫ አድርጎ መተው ሲሆን፣ ውጤቱም በአየር ላይ የተንሳፈፈ ፊኛ ይሆናል። የድንጋዩ ጎን ሙሉ በሙሉ ጥላ ውስጥ ሆኖ እንኳ ከቀዩ መሬት በሚመለሰው ብርሃን ሞቅ ብሎ እንደሚታይ ልብ ይበሉ፤ ወደ ታች በወረደ ቁጥር የሚቀላ ጥላ የዚህ አገር ጥላ ነው።

ጥላው የሚወድቅበትን አቅጣጫ መከታተል በራሱ የዓመት ሥራ ሊሆን ይችላል። ባቢሌ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንትና በነሐሴ የመጨረሻ ሳምንት አካባቢ፣ በእኩለ ቀን ከአናት በላይ ትውላለች፤ በዚያ ሰዓት ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ጥላው ከእግሩ ሥር ይጠፋል፣ የድንጋዩም ጥላ በሙሉ ከሆዱ ሥር ይሰበሰባል። በሰኔ የእኩለ ቀኑ ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል። በታኅሣሥ ደግሞ ወደ ሰሜን የሚወድቅ ሲሆን ርዝመቱም የነገሩን ቁመት ሁለት ሦስተኛ ሊደርስ ይጠጋል። አንድን ክምር በእነዚህ ወራት፣ በዚያው ሰዓትና ከዚያው መቀመጫ ላይ ሆኖ ጥላውን ብቻ በመንደፍ አራት ገጽ ያዘጋጀ ሰው፣ ድንጋዩን ሳይስለው ድንጋዩን አሳይቷል። እኩለ ቀን ለሥዕል የማይረባ ሰዓት ነው የሚለው የተለመደ አባባል ለዚህ ሥራ አይሠራም፤ ለቀሩት ሥራዎች ግን ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላም ከ9 ሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ የተሻለ ነው።

በአንድ ጉብኝት ከሦስት ንድፍ በላይ ለመሥራት አይጣደፉ። የመጀመሪያው በአምስት ደቂቃ የሚያልቅ የብርሃንና የጥላ ክፍፍል ይሁን፤ ሁለተኛው ያንኑ ክምር በዝርዝር የሚይዝ ሆኖ የቀረውን ጊዜ ይውሰድ፤ ሦስተኛው መዳፍ የምታህል ገጽ ላይ የሚሠራ የአንድ ትንሽ ነገር ጥናት ነው፤ የግራር እሾህ፣ የኩይሳ አፍ፣ የእሬት አበባ፣ በግራናይቱ ላይ የተለጠፈ የድንጋይ ሽበት።

እንስሳት

ሽኮኮ ከድንጋዩ ላይ ፀሐይ ለመሞቅ ሲወጣ ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ስለሚቀመጥ ለጀማሪ ከሁሉ የሚመች ነው። ዝንጀሮዎች ግን አይቀመጡም፤ ለእነርሱ የሚበጀው ዓይንን ከእንስሳው ላይ ሳይነቅሉ፣ እርሳሱንም ከወረቀቱ ሳያነሡ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ የጀርባውን ቅስትና የክብደቱን ማረፊያ ብቻ መያዝ ነው። አንድ ገጽ ላይ ብዙ እንዲህ ያሉ ያላለቁ ንድፎችን ይቆልሉ፤ እንስሳው ያንኑ አቋም ሲደግም ወደ ተወው ንድፍ ተመልሰው ይጨምሩበታል። ምግብ በመስጠት ለማቆየት ፈጽሞ አይሞክሩ፤ ዝንጀሮ አንዴ ከቀመሰ በኋላ የሚቀጥለውን ሰው ቦርሳ ይፈትሻል።

በነገራችን ላይ፣ በዚህ በምሥራቁ የአገራችን ክፍል እንስሳን መሳል አዲስ ነገር አይደለም። ከድሬዳዋ በስተደቡብ ምዕራብ እንደሚገኘው እንደ ለገ ኦዳ ባሉ የድንጋይ መጠለያዎች ውስጥ ከጥንት ጀምሮ የተሣሉ ከብቶችና የዱር እንስሳት በመቶዎች ይቆጠራሉ። በአካባቢው ካሉት ጥንታዊ ሥዕሎች በብዙዎቹ ላይ የከብቱ አካል ከጎን ሲታይ ቀንዶቹ ግን ከላይ እንደሚታዩ ሆነው ተሥለዋል፤ ሠዓሊው ሁለቱን እይታ ያጣመረው ከእያንዳንዱ ክፍል ይበልጥ የሚያስረዳውን መርጦ እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም። እርስዎም ግመልን ከጎን፣ የእግሩን አሻራ ደግሞ ከላይ አድርገው በአንድ ገጽ ላይ ማዋሐድ ይችላሉ። ጥንታውያኑን ሥዕሎች ለማየት ከሄዱ ግን አይንኩ፣ ቀለሙ ደምቆ እንዲታይም ውኃ አይርጩባቸው።

ከአፈሩ ቀለም መሥራት

የተገዛ የውኃ ቀለም ከዳካታ መሬት ጋር አብሮ እንዲሄድ ለማድረግ ብዙ መደባለቅ ይፈልጋል። የራስን ቀለም ከአፈር መሥራት ግን ቀላል፣ ርካሽና ዘለቄታ ያለው መንገድ ነው፤ ቀዩንና ቢጫውን አፈር የሚያቀልመው የብረት ኦክሳይድ በመሆኑ ቀለሙ በፀሐይ አይጠፋም። ከእርድ ወይም ከአበባ የሚወጣ ቀለም በተቃራኒው በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይነጣል፤ ስለዚህ ለማስታወሻ ካልሆነ በቀር አይጠቀሙበት። አፈሩን ከዱር እንስሳት መጠለያው ክልል ውስጥም ሆነ ከሰው እርሻ አይውሰዱ። መንገድ ሲሠራ የተቆረጠ ገደል ሥር የፈሰሰውን አንድ እፍኝ ቢያነሡ ለብዙ ሥዕል ይበቃል።

አፈሩ በፀሐይ ከደረቀ በኋላ በሙቀጫ ይወቀጥና በወንፊት ይነፋል። በዚህ ጊዜ አፍና አፍንጫን በጨርቅ መሸፈን ያስፈልጋል። የተነፋውን በማሰሮ ውስጥ ከብዙ ውኃ ጋር አማስለው ለአንድ ደቂቃ ያህል ይተዉት፤ አሸዋው ሲዘቅጥ ከላይ ያለውን ቀለም ያዘለ ውኃ ቀስ ብለው ወደ ሌላ ዕቃ ይገልብጡ። ይህ ሁለተኛው ዕቃ ሳይነካ ቢያድር ደቃቁ ቀለም ከሥሩ ይተኛል፤ የጠራውን ውኃ አፍስሰው ዝቃጩን በሰሃን ላይ ያድርቁት። ማጣራቱ በተደጋገመ ቁጥር ቀለሙ ይለሰልሳል፤ ከሁለት ጊዜ በላይ መድገም ግን የድካሙን ያህል አይክስም። ቢጫ አፈር ካገኙ ግማሹን በአሮጌ ምጣድ ላይ፣ ከቤት ውጭ ባለ እሳት፣ እያማሰሉ ይቁሉት፤ በውስጡ ያለው ውኃ ሲለቀው ወደ ቀይ ይለወጣል፤ ቶሎ ካወረዱት ደግሞ በሁለቱ መካከል ያለ ብርቱካናማ መልክ ያገኛሉ። በዚህ መንገድ ከአንድ እፍኝ አፈር ሦስት ቀለም ይወጣል። ለጥቁር የደቀቀ ከሰል ይበቃል፤ ነጩን ለወረቀቱ ይተዉለት።

ማጣበቂያው የግራር ሙጫ ነው። አንድ እጅ የተወቀጠ ሙጫ በሁለት እጅ ሙቅ ውኃ ውስጥ ያሳድሩና በስስ ጨርቅ ያጥሉት። ለአንድ ሲኒ ሙጫ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ማር ቢጨመርበት ቀለሙ ሲደርቅ አይሰነጠቅም፤ አንድ ጠብታ የቅርንፉድ ዘይት ደግሞ ሻጋታን ይከላከላል። ከዚህ በኋላ የቀለሙን ዱቄትና ሙጫውን በመስተዋት ወይም በለስላሳ እምነ በረድ ላይ ክብ ክብ እያደረጉ ማሸት ነው፤ ትዕግሥት የሚጠይቀው ይህ ክፍል ነው። በወረቀት ላይ ቀብተው ሲደርቅ በጣት ይሹት። ጣትዎን ካቀለመ ሙጫው አንሷል፤ ካብለጨለጨ ወይም ከተሰነጠቀ በዝቷል። የተዘጋጀውን ቀለም በጠርሙስ ክዳን ውስጥ አድርቀው እንደ ተገዛ ቀለም በእርጥብ ብሩሽ ሊጠቀሙበት ይችላሉ፤ ከሥሩ አፈሩ የተወሰደበትን ቦታና ቀን መጻፍ አይርሱ።

ቤት ከተመለሱ በኋላ

በሸለቆው የተሠራው ንድፍ በቤት ውስጥ ለሚሠራው ሥዕል ጥሬ ዕቃ እንጂ የሚገለበጥ ናሙና አይደለም። በመጀመሪያው ዓመት ትልቅ ሥዕል ለመሥራት ከመጓጓት ይልቅ፣ የአንድን ወቅት ገጾች በሙሉ መሬት ላይ ዘርግተው ከአንዱ ወደ ሌላው የተለወጠውን ነገር ብቻ በእርሳስ ያክብቡ። በበጋ የነበረው ግራጫ ግራር ከበልግ ዝናብ በኋላ ለምልሞ የድንጋዩን አንገት ይሸፍን ይሆናል፤ ኩይሳው አድጎ ወይም በጎርፍ ተንዶ ይገኝ ይሆናል፤ በለስ የተባለው ባዕድ ቁልቋል አዲስ ቅጠል ጥሎ መንገዱን ዘግቶ ሊሆን ይችላል። የትልቁ ሥዕል ጉዳይ ከእነዚህ ክቦች መካከል የሚመረጥ ይሁን።

ከሸራና ከወረቀት ሌላ መንገድም አለ፤ እኔም ለሐረር ሰው ከሁሉ የሚስማማው እርሱ ይመስለኛል። በጌይ ጋር፣ ማለትም በባህላዊው የሐረሪ ቤት፣ ግድግዳዎች ላይ የሚሰቀሉት የሐረሪ ሴቶች ስፌቶች ከመሐል ጀምረው በክብ የሚያድጉ በመሆናቸው፣ ማንኛውም ቅርጽ በእነርሱ ላይ ሲሠፈር በደረጃ የተሰበሩ ጠርዞችን ይይዛል። የድንጋይ ክምሩን ለስፌት ለማዘጋጀት በኮምፓስ ከአንድ ማዕከል የሚነሡ እኩል የተራራቁ ክቦችን፣ ከዚያም ከማዕከሉ የሚወጡ ቀጥ ያሉ መሥመሮችን ያሥምሩ፤ ንድፉን በዚህ ክብ ሰንጠረዥ ላይ አስቀምጠው እያንዳንዱን ክፍል በአንድ ቀለም ብቻ ይሙሉ። ከሦስት ወይም ከአራት ቀለም አይለፉ። ክፍሎቹ ወደ ጠርዝ ሲሄዱ እየሰፉ ስለሚመጡ ከባዱን ድንጋይ ወደ ውጭ፣ ጠባቡን አንገት ወደ መሐል ማድረግ ያዋጣል። ወስፌ ይዞ ስንደዶውን በአክርማና በአለላ የሚሰፋው እጅ የእርስዎ ካልሆነ፣ ከባለሙያዋ ጋር ተቀምጠው ንድፉን አብረው ያስተካክሉ፤ የትኛው መሥመር በስፌት እንደማይወጣ እርሷ በአንድ እይታ ታውቃለች። ሥራው ለሽያጭ ወይም ለዐውደ ርእይ ሲቀርብም ስሟ ከስምዎ ጋር እኩል ሊጻፍ፣ ክፍያዋም አስቀድሞ ሊወሰን ይገባል።

ሥዕሎቹን ለሕዝብ ማሳየት ሲፈልጉ በውበት ሳይሆን በወቅት ቅደም ተከተል ይስቀሏቸው፤ ተመልካቹ ከመስከረም ተነሥቶ ወደ ጳጉሜን ሲሄድ ጥላው ሲዞር ያይ ዘንድ ሁሉም ሥዕሎች በአንድ መጠንና በአንድ ከፍታ ይሁኑ። ደካማ የሚሏት ገጽ እንኳ ወሯን የምትወክል ብቸኛ ገጽ ከሆነች አትቅር። በአፈር ቀለም የተሠራ ሥዕል በእርጥብ እጅ ቢነካ ስለሚለቅ ከመስተዋት ሥር መቀመጥ አለበት፤ መስተዋቱም ወረቀቱን እንዳይነካ በሁለቱ መካከል በዙሪያው ወፍራም የካርቶን ክፈፍ ይግባ። በድሬዳዋ ሙቀት ደግሞ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚያርፍበትን ግድግዳ ይተዉት፤ ቀለሙ ቢችለውም ወረቀቱ ይወይባል።